ደስታን በመሰላል የለካው ሰው

አቶ መርዕድ መሞቱን የነገረኝ ስንታየሁ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ጂንካ፣ ከገበያው በላይ፣ ጨው እያራገፍን ነበር። ስንታየሁ የመኪናውን ጎማ በእግሩ መታ መታ እያደረገ «ያ መሰላል የሚስለው ሰውዬ አርባ ምንጭ ሞተ አሉ» አለኝና ሳቀ። ምኑ እንዳሳቀው እንጃ፤ መሰላሉ ይሆናል። ከረጢቱን ከትከሻዬ አወረድኩና «መቼ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ከተቀበረ ቆይቷል። ዘመድም አልነበረውም መሰለኝ፣ የተከራየበት ሠፈር እድር ነው የቀበረው አሉ።»

ማራገፋችንን ቀጠልን። ምን ይደረጋል? ለቅሶ የምደርስበት ቤት የለ፣ እግዜር ያጥናችሁ የምለው ሰው የለ። ደርግ ሊወድቅ አካባቢ ነበርና በዚያ ሰሞን ስለ ሞተ ሰው ብዙ አይወራም፤ የሚሞተው በዝቶ ነበር።

እኔ ሬሳ ማሞገስ አልወድም። ሰው ከሞተ ወዲያ ሁሉም ደግ ነበር ይባላል፤ በቁሙ ሲቦጭቁት የነበሩት ሁሉ ከሣጥኑ ኋላ ተሰልፈው ያለቅሳሉ። ስለዚህ አስቀድሜ ልናገር። አቶ መርዕድ ግትር ነበር። አብሮት የሚሠራውን ሰው ያደክማል። ማዕድ ላይ ተቀምጦ ወሬ ከጀመረ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ይረሳዋል፣ አብሮት የሚበላውም እያፈረ እጁን ይሰበስባል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ እሱ ያመነበትን ነገር ሌላው ሰው አንድ ጊዜ ቢሰማው የሚቀበለው ይመስለው ነበር። በሕይወት ሳለ «እርስዎ» ነበር የምለው። ሳስታውሰው ግን «እሱ» ማለት ነው የሚቀናኝ። ይቅር ይበለኝ።

የተዋወቅነው በድርቁ ዓመት ነው። እኔ አሪ ነኝ፣ ከጂንካ በላይ ካለው ደጋ። አባቴ የሰው ጢሰኛ ነበር። ከአብዮቱ በፊት ስሜን የጠራኝ ባለርስት የለም፤ «አንተ» ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ሚስት አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ገና ጢሙ ያልወጣ አስተማሪ ይህን የሚያህል ጣቴን ይዞ «ሀ» አስጻፈኝ። አብዮቱ ብዙ ነገር ቀምቶኛል፤ ይህቺን ግን ሰጥቶኛል፣ አልክድም። ከዚያ በፊት ትምባሆና ቡና ተሸክሜ ቀይ አፈር ገበያ እወርድ ስለነበር የቤና ቋንቋ ለምጃለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ የጥናት ቡድን አስተርጓሚ ሲፈልግ ቀበሌው እኔን ሰጠ። አልጠየቁኝም፤ ሰጡኝ።

ቡድኑ ያረፈው አውሮፕላን ሜዳው ዳር ባለ የመንግሥት ቤት ነው። አለቃው አንድ ሸሚዙ የማይጨማደድ ዶክተር ነበር። ሾፌሩ ይኸው ኋላ ጨው የሚጭነው ስንታየሁ ነው። ሦስተኛው አቶ መርዕድ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝናብ በሌለበት አገር ጥቁር ዣንጥላ ይዞ የሚዞር ሰው። ባሕር ማዶ ተምሮ መጥቷል ይባላል።

በመጀመሪያው ቀን «ምን ልትለኩ ነው የመጣችሁት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ደስታን።»

«በምን?»

«በመሰላል።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ዣንጥላውን አጥፎ አጠገቤ ቁጭ አለና እንደ እኩያው አስረዳኝ።

«ይኸውልዎ አቶ ማርቆስ፤ አንድ አገር ስንት ኩንታል እንዳመረተ፣ ስንት ብረት እንዳቀለጠ ይቆጠራል። ከዚያ ይህ አገር ከዚያኛው ይበልጣል ይባላል። ስንዴውን ያመረተው ሰው ግን ማታ ቤቱ ገብቶ የሚያለቅስ እንደሆነስ? ማን ያውቃል? እንጠይቀው። ሁሉንም አገር፣ ሁሉንም ሰው፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ እንጠይቅ። ከዚያ ውሃውም፣ ሐኪሙም፣ መንገዱም ዝቅ ብሎ ለተገኘው ይሂድ።»

«ይህን መንግሥት ያደርገዋል?»

«ለዚህ አይደል የመጣነው?»

እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነገር ነው። አቶ ማርቆስ አለኝ። ባለ ክራቫት ሰው እኔን አቶ ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

አንድ የማይጠገብለት ንግግር ነበረው። ለባለሱቁም፣ ለፖሊሱም፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም ይናገረዋል። «መንግሥት ከብትዎን ቆጥሯል፣ ጠመንጃዎን ቆጥሯል፣ እርስዎንም ቆጥሯል። እንዴት ነዎት ብሎዎት ያውቃል?» አንድ የጂንካ ፖሊስ «እኔን አለቃዬ እንዴት ነህ የሚለኝ ሊቀጣኝ ሲያስብ ነው» ብሎ መለሰለት። አቶ መርዕድ ይህን ደብተሩ ላይ ጻፈው። ቀልድ አይገባውም ነበር፤ ወይም የሚገባው ከሌላው ሰው በተለየ በኩል ነው።

የሥራው አኳኋን እንዲህ ነው። ፊደል በማያውቅ ሰው ደጅ መሬቱን በእጁ ይጠርግና በእንጨት መሰላል ይስላል፣ ባለ አሥር ርከን። «ላይኛው ጫፍ ሊኖሩት ከሚችሉት ኑሮ ሁሉ የበለጠው ነው፤ ታችኛው ከሁሉ የከፋው። አሁን እርስዎ የት ላይ ነዎት?» ይላል። እኔ አስተረጉማለሁ። ሰውየው ጠጠር አንስቶ ያለበትን ርከን ያሳያል። አቶ መርዕድ ታዲያ ጥያቄውን እንደጨረሰ ፊቱን አዙሮ ጀርባውን ይሰጣል። «ፊቴን አይተው እኔን ደስ ሊያሰኙ ይሞክራሉ» ብሎ ነው። እኔንም አስጠንቅቆኛል፤ «መልስ አያጉርሷቸው።» ስንታየሁ መኪናው ላይ ተደግፎ «ጠይቆ ፊቱን የሚያዞር ከሚስቴ ሌላ ዛሬ ገና አየሁ» ይላል።

ደጋውንም ቆላውንም ብዙ መንደር እንዲህ ዞርን። ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ ስትወርድ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ አንድ የቤና መንደር አለ። ማሽላው ቁመቱ ጉልበት ሳይደርስ ደርቆ ቆሟል። ኦይታ የሚባለው የመንደሩ ትልቅ ሰው በርኮታውን፣ ያቺን የሚቀመጡባትንም የሚንተራሱባትንም ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ በእጁ ይዞ ወጣ። እኛ ቆመናልና እሱም ቆመ። ከዶክተሩ የመጣው መመሪያ ግልጽ ነው፤ ደርሰህ ሰላምታ ስጥ፣ ሣል፣ ጠይቅ፣ ጻፍ፣ ሂድ። ሠራነው። ኦይታ መሰላሉን ትንሽ አየና ጎንበስ ብሎ ጠጠሩን ላይኛው ጫፍ ላይ አኖረ። ሚስቱ ዱካም እንዲሁ። ጎረቤቶቻቸውም ተከተሉ። አቶ መርዕድ ዞሮ ሲያይ ጠጠሩ ሁሉ ጫፉ ላይ ተከምሯል።

ፊቱ በራ። መኪናው ውስጥ ገብተን እንኳ ዝም ማለት አልቻለም። «እነዚህ ሰዎች ፋብሪካ ካላቸው አገሮች በላይ ናቸው እኮ! ምን ቢኖራቸው ነው አቶ ማርቆስ?»

«ላሞቹን አይተዋል?» አልኩት። የጎድን አጥንታቸው ከሩቅ ይታያል።

«አይቻለሁ። እኔ ግን ላሞቹን አልጠየቅሁም።»

እኔም ከዚያ አላለፍኩም። እነዚህን ሰዎች የማውቃቸው ገበያ ላይ ሲከራከሩና ሲምሉ ነው፤ ደጃቸው ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ጉራ ነው ብዬ ተውኩት።

ከመንደሩ ብዙም ሳንርቅ መኪናው ቋ ብሎ ቆመ። ባሌስትራው ተሰብሯል። ስንታየሁ የተሳደበውን ስድብ አልጽፈውም። ዕቃ ፍለጋ ወደ ዋናው መንገድ በእግሩ ወጣ፣ እኛም ፀሐዩ ሲያቃጥለን ወደ ኦይታ ደጅ ተመለስን።

ኦይታ ምንም አልገረመው። ቁርበት አነጠፈልን። እሱም በርኮታው ላይ ተቀመጠ። ዱካ በቅል ሸፎሮ አመጣች፤ የቡና ገለፈት ተፈልቶ ነው፣ እዚያ እንግዳ የሚጠጣው። ኦይታ ስለ መንገዱ ጠየቀን፤ ሰላም ነው አልን። ስለ ጂንካ ጠየቀን፤ ሰላም ነው። እኛም ጠየቅነው። ሣሩስ? ሰላም ነው። ከብቱስ? ሰላም ነው። ልጆቹስ? ሰላም ናቸው። ቅሉ ባዶ ሆነ፣ እንደገና ተሞላ፣ ጥላው ከእኛ ሸሸ፣ ቁርበቱን ስበን ተከተልነው። ኦይታ የመጨረሻውን ጠጥቶ አፉን ጠረገና፣ በዚያችው ድምፅ፣ ከፍም ዝቅም ሳትል፣ እንዲህ አለ፤

«ትንሹ ልጃችን ባለፈው ጨረቃ ሞተ። ሴቷ ልጅ እዚያ ውስጥ ተኝታለች፣ መነሳት አቅቷታል። ከብቱ ያየኸው ነው የቀረው። የወንድሜ ቤት ባዶ ነው፤ ወዴት እንደሄዱ አላውቅም።»

አስተረጎምኩ። አቶ መርዕድ ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ጠዋት ጠጠሩን ጫፉ ላይ ነበር ያደረጉት ይበሏቸው።»

አልኩት። ኦይታ ሕፃን ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው አየኝ። «ጠዋት ቆማችሁ ነበራ! መንገደኛ ቆሞ ሰላም ነህ ሲል ሰላም ነኝ ይባላል። ሊሄድ የቆመ ሰው ላይ ሬሳ ትጭንበታለህ? የሚቀመጥ ሰው ነው ወሬውን የሚሰማው። አሁን ተቀመጣችሁ፣ ጠጣችሁ፣ ነገርኳችሁ። እናንተ አገር ደጅ ላይ እንደቆማችሁ ነው መርዶ የምትረዱት?»

አቶ መርዕድ መሬቱን በእጁ ጠረገ። ከዚያ እንጨቱን አንስቶ «እንደገና ብስለው ቅር ይላቸው ይሆን?» አለኝ። ቅር አላላቸውም። ሣለ። ይህን ጊዜ ፊቱን አላዞረም። ኦይታ ጠጠሩን ከታችኛው ርከን በታች፣ ከመሰላሉ ውጪ፣ ባዶው አፈር ላይ አኖረው። ዱካ ጠጠር አነሳች፣ መሰላሉን አየችው፣ ሳታስቀምጠው በእጇ እንደጨበጠች ልጇ ወደተኛችበት ጎጆ ጎንበስ ብላ ገባች።

«ይሄንን ምን ብዬ ልጻፈው?» አለኝ።

«ድንጋዩን ይዛ ገባች ብለው ይጻፉ» አልኩት።

ስንታየሁ ባሌስትራውን በሽቦና በእንጨት ጠፍሮ ጂንካ አደረሰን። መንገዱን ሁሉ አቶ መርዕድ ደብተሩን ያገላብጣል። ከዚያች መንደር በፊት በቆላው የዞርናቸው ሁሉ ቆመን የጠየቅናቸው ናቸው። የሰበሰብነው ሁሉ ገለባ ነው።

ዶክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ከዚያ «መርዕድ፣ ጥያቄው ለሁሉም አገር አንድ ነው። መመሪያው ጠይቀህ ሂድ ይላል። አንተ እዚህ ሸፎሮ ጠጥተህ የምትጠይቅ ከሆነ ሌላው አገር ምን ጠጥቶ ሊጠይቅ ነው?» አለው።

«ሰው የሚናገረው ከተቀመጠ በኋላ ከሆነ እኛም ተቀምጠን እንጠይቅ።»

«ከዚያስ ከማን ጋር ታወዳድረዋለህ?»

«ከእውነቱ ጋር።»

«እውነት አገር አይደለም» አለው ዶክተሩ። «እኔ የተላክሁት አገሮችን ላወዳድር ነው።»

ነገሩ እዚያ ቢቀር የተማሩ ሰዎች ክርክር ነው ብዬ እረሳው ነበር። ግን በዚያ ወር እህል መጣ፤ ጥቂት። የአውራጃው አስተዳዳሪ ለየትኛው መንደር እንደሚሰጥ ሲያወጣ ሲያወርድ የዶክተሩን ውጤት አገኘ። እህሉም፣ ለቆላው ታስቦ የነበረው የውሃ ጉድጓድና ክሊኒክም ዝቅ ብሎ ለተገኘው ይሂድ ተባለ። ዝቅ ብሎ የተገኘው ደጋው ነው፣ የእኔው አገር፤ የደጋ ሰው ለመንግሥት ማልቀስ ያውቃል፣ ሲቆምም ያለቅሳል። ቆላው ጫፍ ላይ ስለሆነ ተሰረዘ። አስተዳዳሪው ከዚህ በላይ ደስ ብሎት አያውቅም። በፊውዳሉ ዘመን እንደ አውሬ ይታይ የነበረው ሕዝብ በአብዮቱ መሰላሉ ጫፍ ላይ ወጣ ተብሎ በአብዮት በዓል ቀን ሊነበብ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ይህ ሲነገር አቶ መርዕድ ብድግ አለ። «ጓድ አስተዳዳሪ፣ ይህ ቁጥር ውሸት ነው። ሰዎቹ አልዋሹም። እኛ ነን በማይጠየቅ ሰዓት የጠየቅናቸው። እዚያ ሰው እየሞተ ነው።»

አስተዳዳሪው ፈገግ አለ። «ጓድ መርዕድ፣ ሰፊው ሕዝብ በራሱ አንደበት ደስ ብሎኛል ሲል አንተ ማን ነህና ደስ አላለህም የምትለው?»

አዳራሹ አጨበጨበ። በዚያ ዘመን የአዳራሽ ሥራ ማጨብጨብ ነበር።

ከዚያ በኋላ አቶ መርዕድ በየቀኑ ዣንጥላውን ይዞ አስተዳዳሪው ደጅ ይቆም ጀመር። ዘበኛው «ጋሼ፣ ዛሬም?» ይለዋል። «ዛሬም» ይላል። ከቆላ የሸሹ ሰዎች እየመጡ አውሮፕላን ሜዳው ዳር ይወድቃሉ። ከተማው «ቆላ ልማዱ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳሉ» አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ጸለየላቸው። እኔ አማኝ ነኝ፣ ግን ጸሎት ሲበላ አላየሁም።

አንድ ጠዋት ኦይታ መጣ። ብቻውን፣ በእግሩ፣ በርኮታውን ይዞ። አቶ መርዕድን አስተዳዳሪው ቢሮ በረንዳ ላይ አገኘው። በዚያ ቀን ሰላም ነው፣ ሰላም ነው የሚባለው ነገር አጭር ነበር።

«ጠየቅኸኝ፣ ነገርኩህ» አለው ኦይታ። «ዱካ ልጅቷ አፍ ላይ ውሃ ታንጠባጥባለች። እህሉ የታለ?»

አስተረጎምኩ። አቶ መርዕድ መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጠረገ፣ አደረገ፣ መልሶ አወለቀ። «ይመጣል በላቸው» አለኝ። መደንገጡን ያወቅሁት «ይበሏቸው» ማለቱን ስለረሳ ነው።

ወዲያው አስተዳዳሪው ወደ ውስጥ ጠራው። በሩ ክፍት ነው፤ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ፣ ኦይታ በረንዳው ጫፍ ላይ በርኮታው ላይ ተቀምጧል። አስተዳዳሪው አልጮኸም፣ አልዛተም። ሻይ አዘዘለት።

«ዶክተርህ ውጤቱን ይዞ መሄድ ፈልጓል። የሰበሰብኸው አንተ ስለሆንህ ያለ አንተ ፊርማ አያልፍም አሉ። አንተ ደግሞ አልፈርምም ብለሃል። እኔ ለበዓሉ የተቀመጠ እህል አለኝ። ፈርም፣ ነገ ጠዋት መኪናው ወደ መንደሮችህ ይወርዳል። ለደስተኛው ሕዝብ የበዓል ስጦታ እንለዋለን። ማን ይጎዳል?»

«ከፈረምኩ የውሃ ጉድጓዱና ክሊኒኩስ? ለቆላው የታሰበው?»

«እሱ በውጤቱ መሠረት ነው የሚሄደው። ዝቅ ላለው።» ሻዩን ፉት አለ። «ይኼ የራስህ ሐሳብ አይደለም እንዴ?»

አቶ መርዕድ ተነስቶ ወደ በረንዳው ወጣ። ቆመ። ኦይታ ቀና ብሎ አየው። እጁን ቢዘረጋ ትከሻውን ይነካዋል። አቶ መርዕድ አፉን ከፈት አደረገና መልሶ ገጠመው። ወደ እኔ አየ፤ የምላስ ሥራ፣ ለኦይታ የማስተረጉመው ቃል፣ ይሰጠኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልሰጠኝም። ተመልሶ ገባና ፈረመ።

እህሉ ወረደ። አብረን ወረድን። በየመንደሩ አራገፍን፤ አንዳንዱ ጋ የሚቀበል ሰው አጣን። ኦይታ መንደር ልጅቷ በሕይወት ነበረች። ዱካ ማሽላውን አቅጥና ቀቅላ በጣቷ አላሰቻት። ከጥቂት ቀን በኋላ ተነሳች አሉ። ይህ እውነት ነው፣ እኔ ማንም እንዲያሳንሰው አልፈልግም።

ጉድጓዱን የቆፈሩት ደጋ ላይ ነው፤ ምንጭ ሞልቶ ከሚፈስበት ቦታ የአንድ ጥሪ ያህል ርቀት ላይ። ክሊኒኩም እዚያው። ዶክተሩ እድገት አገኘ። በዚያው ሰሞን አገራችን በደስታ ከስንቱ አገር እንደምትበልጥ የሚናገር ሠንጠረዥ በራዲዮ ተነበበ። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ሰማሁት፤ ባለቤቴ ሽሮ አልቆባት ጎረቤት ልትበደር ወጥታ ነበር።

አቶ መርዕድን ወደ አርባ ምንጭ አዛወሩት፣ አንድ መጋዘን መሳይ ቢሮ ውስጥ። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አየሁት፤ ለሆነ ጉዳይ ጂንካ መጥቶ ነበር። አርጅቷል። ዣንጥላው አብሮት የለም። እኔ «እንዴት ነዎት?» ስለው እጄን ይዞ ራሱን ነቀነቀ። ሻይ ቤት ተቀመጥን። ሁሉም የሚያውቀው ሰው እየመጣ ሰላም ይለዋል፤ እሱ እጅ ይጨብጣል፣ ይስማል፣ አንዱንም እንዴት ነህ አይለውም። እንደዚያ ሲጠይቅ የኖረ ሰው ጥያቄውን ከአፉ አውጥቶ ጥሎታል።

«ሠንጠረዡን ሰሙት?» አለኝ።

«ሰማሁ። ያኮራል» አልኩት። ምላሴ እንዲህ ናት።

«ልጅቷስ?»

«ትሮጣለች።»

«እህሉ የዚያን ዓመት ነው» አለ። «ውሃው ግን የየዓመቱ ነበር። እኔ ይህን እያወቅሁ ነው የፈረምኩት፣ አቶ ማርቆስ። ሳላውቅ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።» ከዚያ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

እንግዲህ ስንታየሁ የሞቱን ወሬ በነገረኝ ሳምንት መኪናው ላይ ተሳፍሬ ወደ ወይጦ ወረድሁ። ለቅሶ የምደርስበት ሌላ ቤት ስለሌለ ነው። ኦይታ ቁርበት አነጠፈልኝ። ስለ መንገዱ ጠየቀኝ፣ ስለ ጂንካ ጠየቀኝ። ሰላም ነው አልኩ። ዱካና ልጅቷ ከደረቀው ወንዝ አሸዋ ምሰው ያወጡትን ውሃ በቅል ተሸክመው መጡ፤ ልጅቷ ቁመቷ እናቷን በልጧል። ውሃው ቡኒ ነው። በዚያው ሸፎሮ ተፈላልኝ፣ ጠጣሁ። ከዚያ ነገርኩት።

ሞቱን ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም ነገርኩት። የፊርማውን ነገር እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር። እህሉ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደተለወጠ፣ ጉድጓዱ ወዴት እንደሄደ። ይመርቀዋል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ቢበዛ ይረግመዋል።

ኦይታ ቅሉን ከእጄ ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ያን ቀን እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ» አለ።

«ነበርክ።»

«አጠገቤ መጥቶ ቆመ።»

«ቆመ።»

«አንተም ነበርክ። ቋንቋ አልጠፋም።»

«አልጠፋም።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቀኝም?»

  ስላፈረ ነው ልል ፈለግሁ፣ ስላዘነልህ ነው ልል ፈለግሁ፤ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ለኦይታ መልስ አይደለም።

«ቢጠይቅህ ምን ትለው ነበር?» አልኩት።

ልጅቷ ወፍጮው ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብላ ማሽላ ትፈጫለች። ኦይታ እሷን አየ፣ ውሃው ያለበትን ቅል አየ።

«እህሉን» አለ። «እህሉን ነበር የምለው። ግን የምለው እኔ ነበርኩ።»